እሱ በቁመቱ፣ እሷ በአግድሙ

ሰው ሁሉ የሚያውቀው «እጀ ሙሉ» በሚለው ስም ነው። ስሙ የወጣለት ገና የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሳለ ነበር። አንድ ባለ መሬት የደከመ እርሻውን ሣር አስዘርቶት፣ ከወር በኋላ መስኩን ዞሮ ዞሮ መዳፍ የምታህል ገላጣ ቢያጣበት «ይሄ ልጅ እጁ ሙሉ ነው» አለ። አለ፤ በቃ። ቃል ከአፍ ከወጣች ባለቤቷም አይመልሳት። ስም ሆና ከልጁ ጋር ጎለመሰች፣ ከልጁ ጋር ሸበተች።

ከአርባ ዓመት በላይ ሥራው ይኸው ነበር። ስንዴና ገብስ እየተፈራረቁ የመጠጡት መሬት ሲዝል፣ ሦስት አራት ዓመት ይረፍ ተብሎ ሣርና ማገጥ ይዘራበታል። ሣሩ አፈሩን በሥሩ አቅፎ ከነፋስና ከጎርፍ ይጠብቀዋል። ማገጥ ደግሞ፣ ያቺ ባለ ሦስት ቅጠል፣ ላሞች ገና ከሩቅ ሲያይዋት አፋቸው የሚርስላት ለስላሳ ተክል፣ የተራበውን አፈር ከሥር ሆና ታጎርሰዋለች። ጊዜው ግን ሰው አይጠብቅም። አዝመራው ተነሥቶ፣ ብርዱ ሳይገባ፣ አፈሩ የፀሐዩን ወራት ሙቀት ገና በጉያው እንደያዘ መዘራት አለበት። ዘሩ ውርጭ ሳይቀድመው መብቀል፣ በቅሎም ሥር መስደድ አለበት። ያለዚያ አመዳዩ አንገቷን ገና ብቅ ያደረገችውን ቡቃያ ይለበልባታል፤ ዓመቱም በከንቱ ይሄዳል።

የመዝሪያ ማሽን ከመጣ በኋላም ሰው አልተወውም። ትራክተር የማይወጣው ተዳፋት፣ ጎማ የሚውጥ ረግረግ ባለበት ሁሉ «እጀ ሙሉን ጥሩት» ነበር። ላሞች የሚያረባው ጎረቤቱ፣ አገሩ ሁሉ «ወተቴ» የሚለው ቀልደኛ፣ «ጋሼ የዘሩት መስክ ላይ ላም ተኝታ ነው የምትበላው፤ አንገቷን ማዞር ብቻ ነው የሚጠበቅባት» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራለታል።

ይሁን እንጂ እጀ ሙሉ አንድም ቀን ብቻውን ዘርቶ አያውቅም።

የሣር ዘር እንደ እብቅ ቀላል ነው፤ ነፋስ ቢጠራው አቤት ብሎ ይሄዳል። የማገጥ ዘር ግን ደቃቅ፣ ድቡልቡል፣ ለመጠኑም ከባድ ነው። ሁለቱን በአንድ ከረጢት ቀላቅሎ ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ ሰው፣ በተራመደ ቁጥር ከረጢቱ ሲናጥ ማገጡ ወደ ታች ይሰምጥበታል፤ ሳያውቀው የመስኩን ራስ ሣር ብቻ፣ ግርጌውን ማገጥ ብቻ ያለብሰዋል። ስለዚህ እነሱ ቀላቅለው አያውቁም። እሱ ሣሩን ይዞ መስኩን በቁመቱ ይመላለሳል፤ እሷ፣ ባለቤቱ፣ ማገጡን ባለ ሁለት ኪስ ሽርጧ ውስጥ ይዛ በአግድሙ ትከተላለች። መንገዳቸው እንደ ድርና ማግ ይተላለፋል።

እሱ ሲዘራ ሲያዩት ያምር ነበር። ቀኝ እግሩ ሲራመድ ቀኝ እጁ ይበትናል፣ ግራ እግሩ ሲራመድ ግራ እጁ። ደረቱን ነፍቶ፣ ዓይኑን ማዶ ከተከላት ካስማ ላይ ጥሎ፣ እንደ ሰልፈኛ ነው የሚሄደው። እሷ ግን አጎንብሳ፣ ጨው እንደሚቆነጥር ሰው ሦስት ጣቶቿን ገጥማ፣ መሬት መሬቱን እያየች ነው።

«አንቺ ሴት፣ መርፌ ጠፍቶብሻል?» ይላታል መሀል ላይ ሲገናኙ።

«አንተ ሰማይ ሰማዩን እያየህ ስትሄድ፣ መሬቱን አንዳችን እንኳ እንየው እንጂ!»

ይስቃሉ። ከዚያ እሱ ወደ ካስማው፣ እሷ ወደ አጥሩ። ትንሽ ሻከር ባለው ቀጭን ድምጿ ስታዜም ከጀርባው ይሰማዋል፤

አንተ በቁመቱ እኔ ግን ባግድሙ፣
መሀል ስንገናኝ ይረሳል ድካሙ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ አርባ ጊዜ ብርድ ቀደሙ። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ የእናቷን ሽርጥ ጫፍ ይዛ በሰው መስክ ላይ እየተከተለች አደገች፤ ተማረች፤ ሄደች። አሁን ሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ከተማ ውስጥ ፋርማሲ ትሠራለች።

እናትየው የታመመችው ገብሱ እሸት ሳለ ነው። ሕመሙ ብዙም አላቆያት፤ ሦስት ሳምንት። አልጋዋን መስኮቱ ሥር አዙሩልኝ አለች። ከመስኮቱ ማዶ የራሳቸው መስክ ነበር፤ የሰው መሬት ሲያሳርፉ እየኖሩ አሥራ አምስት ዓመት ያላሳረፉት የገዛ መሬታቸው። ዘንድሮ የገብሱ ቁመት ከጉልበት አላለፈም።

«አየኸው? ደክሟል» አለችው። «የሰው ቤት ስንጠግን የራሳችን አፈሰሰ። ዘንድሮ አሳርፈው።»

«አብረን እናሳርፈዋለን።»

ቆይታ እጁን ያዘችው፤ የያዘችው ግራ እጁን ነበር፤ አገላበጠችው። «ደግሞ… ስትዘራ…»

«ስዘራ ምን?»

ዓይኖቿ ፊቱ ላይ ትንሽ ዋሉ። «ምንም። ቀስ በል ነው ያልኩህ።»

ከሁለት ቀን በኋላ አረፈች። ገብሱን ሳያጭዱት እሷ ታጨደች፤ እሱም ቀብሯት መጥቶ ያ ሁሉ ሰው የነካካው ቤት ውስጥ ብቻውን ቆመ።

ከዚያ ወዲያ የነበረውን ኑሮ ኑሮ ካሉት ይኖር ነበር። ሾርባ መሥራት ከእሷ ተምሯል፤ የተማረው ግን የሁለት ሰው ሾርባ ነው። የአንድ ሰው እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም። ስለዚህ ሁልጊዜ ይተርፈዋል፤ የተረፈውን በማግስቱ ይበላዋል፤ እያንዳንዱን ምሳ ሁለት ሁለት ቀን ይበላው ነበር። አልጋው ላይ የሚተኛው ከጥግ ነው፤ መሀሉ ሰፍቶ፣ ሜዳ ሆኖ፣ ማን ይሙላው? ጠዋት ሲነሣ ሁለት ብርጭቆ ያወርድና አንዱን መልሶ ይሰቅላል። መልሶ ሲሰቅለው ብርጭቆው ቅጭል ይላል። ያቺን ቅጭልታ ይጠላት ነበር።

አንድ ቀን በረቱ ደጃፍ ላይ አዳለጠውና ወደቀ። ወተቴ ባጋጣሚ ባያልፍ ኖሮ እዚያው መሽቶበት ነበር። ወተቴ ደግሞ ወሬ አይዋጥለት፤ ለልጅቱ ደወለ። በሳምንቱ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የጀመረችው።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ብርዱን እኔ ጋ ነው የምታሳልፈው።»

«በእንግድነት?»

«አይደለም። ለሁልጊዜው። በረዶ መንገዱን ሲዘጋው ማን ይደርስልሃል?»

«ያንቺ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። እኔ እግሬ አፈር ካልነካ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«አፈር በሣጥን አመጣልሃለሁ።»

«እሱንማ ስሞት ታመጪልኛለሽ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ወዲያው ሁለቱም ደነገጡ። ልጅቱ ዞር ብላ ያልቆሸሸ ሰሃን ማጠብ ጀመረች። እሱ የጀርባዋን አጎነባበስ አየ፤ እናቷን መስላ ታየችው። ይህን ቤት ለቅቆ ከሄደ ያ አጎነባበስ፣ ያ ድምፅ፣ ያ ሽርጥ ከበሩ ኋላ ያለው፣ ሁሉም ሁለተኛ ጊዜ የሚሞቱ መሰለው።

«እንወራረድ» አላት።

«በምን?»

«ይሄን መስክ እዘራዋለሁ። እናትሽ አሳርፈው ብላኛለች። ውርጭ ሳይወርድ ከዳር እስከ ዳር ከለበሰ፣ ገና ሰው ነኝ ማለት ነው፤ እዚሁ ትተይኛለሽ። ገላጣ ከተገኘበት ደግሞ ሻንጣዬን ራስሽ ትሸከሚያለሽ፤ እኔም አንዲት ቃል አልተነፍስ።»

ልጅቱ ግራ ትከሻውን አየችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ የድርቆሽ ጋሪ ተገልብጦበት የተሰበረ ትከሻ ነው፤ ድኗል፤ እሱ ድኗል ይላል።

«እሺ» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን ወደ ሰሃኖቹ መልሳ። «ከዳር እስከ ዳር።»

«ወይኔ ልጄ፣ ከእጀ ሙሉ ጋር ተወራረደች!» አለ እሱ፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ገብሱ እንደታጨደ ወተቴ መሬቱን በትራክተሩ ከስክሶ፣ ጓሉን አድቅቆ ሰጠው። ነፋስ በሌለበት አንድ ጠዋት እጀ ሙሉ የሣሩን ከረጢት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መስኩ ራስ ላይ ቆመ። ካስማውን ማዶ ተከለ። ቀኝ እግር፣ ቀኝ እጅ። ግራ እግር፣ ግራ እጅ። ዘሩ በፀሐዩ ውስጥ ወርቅማ ሆኖ እየተበተነ ወረደ። እግሮቹ ሥራውን ያውቁታል፤ ደረቱም ያውቀዋል። መሀል ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ለምን እንደቆመ ለጊዜው አልገባውም። አርባ ዓመት ሙሉ እዚህ ቦታ ላይ የሚያነጋግረው ሰው ነበረ፤ እግሩ ሊያናግራት ነው የቆመው።

ከዚያ ካስማውን ፍለጋ ቀና አለና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ተራው የማገጡ ሆነ። ከበሩ ኋላ ሽርጧን አወረደ። ወገቡ ላይ ሲያስረው ገመዱ አጠረው፤ በሲባጎ ቀጠለው። ቀኝ ኪሱ ውስጥ እጁን ቢሰድ የባለፈው ዓመት የማገጥ ፍሬዎች ጥፍሩ ሥር ገቡ። ግራ ኪሱ ውስጥ ቢሰድ የሣር ዘር አገኘ፤ ከስፌቱ ጥግ ተሰግስጎ። «እኔ ስበትን ነፋስ ያገባባት ይሆናል» አለና በማገጥ ሞላው።

ማገጥ መዝራት ግን እጁ አያውቅም። ሦስት ጣቶቹ ሲገጥሙ አካፋ ናቸው፤ አንዱ ቦታ እፍኝ ይወድቃል፣ ሌላው ቦታ ምንም። እሷ ደረቅ አሸዋ ትቀላቅልበት እንደነበር ትዝ ያለው ዘሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ወተቴ የብረት መዳመጫውን በትራክተሩ እየጎተተ ደርሶ ሲያየው፣ «ጋሼ! ሽርጡ እኮ ያምርብዎታል! ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ እርስዎ ይጋግሩልን» አለው።

«ዝም ብለህ መዳመጫህን ጎትት፣ አንተ ቀዳዳ። ጠበቅ አርገህ፤ ግን እንዳትቀብረው።»

«እንዴ ጋሼ፣ ለኔ ነው የሚነግሩኝ?»

መዳመጫው መሬቱን እንደ ጠረጴዛ አለሰለሰው። ማታ ከመስኮቱ ሲያየው ምንም የሌለበት ቡናማ ሜዳ ነው። ዘሪ ሲባል ሥራው ይኸው ነው፤ ሁሉን አውጥቶ ሰጥቶ ባዶ መሬት ማየት።

በአራተኛው ቀን ዝናብ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ አፈር የሚወደው ዓይነት ዝናብ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌው ደጅ ሲወጣ መሬቱ ላይ አረንጓዴ ጭስ የመሰለ ነገር አርፎበት ነበር። ተንበርክኮ አየ፤ መርፌ የምታህል፣ ጫፏ ላይ ጤዛ ያዘለች አንዲት ሣር። አጠገቧ ሌላ። አጠገቧ ሌላ። ልጁ በየቀኑ ትደውልለት ነበር።

«በቀለ?»

«ጢሙን አውጥቷል። ገና ጎረምሳ ነው፤ እናትሽን ቢያይ ያፍራል።»

ከልጁ ጋር እንዲህ ይቀልዳል። ስልኩን ከዘጋው በኋላ ግን ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ እንደ እሷ ባይሆንለትም፣ በጎርናና ድምፁ ያንጎራጉራል፤

ሣሩ ደህና በቅሏል መስኩ አረንጓዴ፣
አንቺ ሳታይው ነው የማይረጋው ሆዴ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሣሩ ጣት አከለ። ከመስኮቱ ሲታይ፣ ከጎን ማለት ነው፣ ያለ አንዳች ጉድለት የለበሰ መስክ ነው፤ ሣሩ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ይታያል። ሽማግሌው በልቡ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር መልሶ ወሸቀ። ሊቀር ነው። እዚሁ፣ ከእሷ ጋር።

አንድ ጠዋት ግን ሳያስበው በእግር መንገዱ ዞሮ መስኩ ራስ ላይ፣ ዘሩን የጀመረበት ቦታ ላይ ቆመ። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ነበር። በቁመቱ ቁልቁል አየ።

መስኩ ጥለት አለው።

አረንጓዴ፣ ከዚያ ቡናማ። አረንጓዴ፣ ከዚያ ቡናማ። ቀጥ ብለው፣ ከራሱ እስከ ካስማው፣ እንደ ተላጨ ጭንቅላት የተራቆቱ ሰርጦች። ማገጧም እዚህ ጉች እዚያ ጉች ብላ ልትሸፍነው አልቻለችም።

መጀመሪያ ወፎቹን ረገመ። ቀጥሎ ጉንዳኑን። ቀጥሎ ወተቴን፤ መዳመጫው ጎትቶት ይሆናል። ከዚያ ዱላውን አንሥቶ ገብቶ ለካ። አንዱ ገላጣ ክንድ ተኩል ሰፋ። ሁለተኛው ክንድ ተኩል። ሦስተኛውም። ወፍ ለክቶ አይበላም።

ያኔ ሲዘራ የሄደበትን መስመር ይዞ ቆመ። በባዶ እጁ በተነ። ቀኝ እግር፣ ቀኝ እጅ፤ ክንዱ ሰፊ ቅስት ሠርቶ ተዘረጋ። ግራ እግር፣ ግራ እጅ፤ ክንዱ መንገዱን ሳይጨርስ ትከሻው ላይ ያዘው። አልተዘረጋም። ደግሞ ሞከረ። አሁንም ያዘው። ሲሄድ ግራው ወደ አጥሩ ነው፤ ሲመለስ ግራው ወደ ቤቱ። ግራውና ግራው በተገናኙበት በየሁለት ምልልሱ መሀል መሬቱ ራቁቱን ቀርቷል።

ያኔ ነው ያ ሁሉ ዓመት አንድ ላይ የመጣበት። ያጎነበሰች ሴት። መሬት መሬቱን የምታይ ሴት። በቀኝ ኪሷ ማገጥ፣ በግራ ኪሷ ግን የሣር ዘር፣ ነፋስ ያላገባው፣ በእጇ የሞላችው። በአግድም የሚሄድ ሰው የሌላውን ምልልስ ሁሉ ያቋርጣል፤ ጉድለቱ አንድ በአንድ እግሩ ሥር ይመጣለታል። እሷም አንድ በአንድ ሞላችው። እያዜመች። እሱ ደረቱን ነፍቶ ካስማውን ሲያይ።

ያ ባለ መሬት፣ ያኔ፣ መዳፍ የምታህል ገላጣ ሲያጣ፣ ያመሰገነው እሷን ነበር። ስሙም የእሷ ነበር። አርባ ዓመት የሷን ስም ለብሶ ዞረ።

ሽማግሌው ገላጣው ላይ ተቀመጠ። ቀብሯ ላይ ያላለቀሰውን እዚያ አለቀሰው።

እንዲህ እንዳለ ወተቴ ደረሰበት። ቀልዱን ከአፉ ላይ መለሰው። መስኩን በቁመቱ አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሼ» አለ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ማሽኔ ሥራ የለውም። ሰርጦቹን በሁለት ሰዓት እሞላቸዋለሁ። ውርጩ ገና ሁለት ሳምንት አለው፤ ከደመነ ይደርሳል። ልጅዎ የምትመጣው መቼ ነው?»

«የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን።»

«በቃ! አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቃታል። ማንም አያይም።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው። ውርርዱ ነበር፤ ቤቱ ነበር፤ መስኮቱ፣ አልጋው ጥግ፣ ከበሩ ኋላ ያለው ሽርጥ። ሁሉም በሁለት ሰዓት ሥራ ይተርፉለታል። አንድ «እሺ» ብቻ።

«ማንም አያይም አልከኝ?» አለ። «አርባ ዓመት ማንም አላየም። እኔም አላየሁ። አሁን ይታይ።»

«ጋሼ፣ ሰው እኮ በዚህ መንገድ ያልፋል። ይስቅብዎታል።»

«ይሳቅ። ሲጠይቁህ ደግሞ ንገራቸው። ይሄ አረንጓዴው እሱ የዘራው ነው፤ ይሄ ባዶው እሷ የምትዘራው ነበር በላቸው።»

ወተቴ ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። «የኔስ መስኮች? አሥራ ስምንት ዓመት…»

«ያንተም እሷ ናት።»

«እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍያውን ለእርስዎ፣ ለሳቸው ‹እንደምን ዋሉ› ብቻ» አለና ወተቴ አፈረ። አጠገቡ ተቀመጠ። ላሞቹ ከማዶ እስኪጮሁበት ድረስ ሁለቱ ሰዎች እዚያው ገላጣው ላይ ተቀምጠው ነበር።

ልጅቱ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መጣች። ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ረጅም ጊዜ አየች፤ ከዚያ ዞራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ለብሷል አባዬ! ከዳር እስከ ዳር። አሸነፍከኝ። አልነካህም፤ እዚሁ ኑር። እኔ በየሳምንቱ እመጣለሁ።»

ትናገር ነበር እንጂ ዓይኑን አላየችውም። እሱ ካፖርቱን ለብሶ እጇን ያዛትና በእግር መንገዱ መስኩ ራስ ድረስ ወሰዳት።

«ምን ይታይሻል?»

«ሣር።»

«ልጄ።»

«ሣር ነው የሚታየኝ አልኩህ እኮ!» አለች፤ እንባዋ ግን ቀድሟት ነበር።

ያን ጊዜ ገባው። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች፤ የሰባት ዓመት ልጅ መሰለች። «ሰባት ዓመቴ ላይ ነው ያየሁት። ‹እማዬ፣ አባዬ እኮ ዘለለው› አልኳት። አፌን በእጇ ከደነችው። ከግራ ኪሷ ዘግና እፍኝ ሙሉ ሣር ሰጠችኝና ‹በይ ሙዪው› አለችኝ። ‹ትከሻው አይዘረጋም። ከነገርነው ዘር መበተኑን ትቶ መጋዘን ገብቶ ጆንያ ሲቆጥር ይኖራል፤ አባትሽ ደግሞ ጣራ ሥር ከዋለ ይሞታል። እሱ ሰማዩን ይይ፤ እኛ መሬቱን እናያለን።› ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ።»

ነፋሱ ሣሩን ወደ አንድ ወገን አጎነበሰው፤ ገላጣዎቹ ይበልጥ ሰፍተው ታዩ።

«ታዲያ ስንወራረድ…»

«አውቅ ነበር» አለች። «እንደምትሸነፍ አውቄ ነው እሺ ያልኩት። ውድቀትህን ስሰማ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ቀን ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም። እሷ አርባ ዓመት የሸፈነችውን እኔ ባንድ ቀን ገልጬ… አባዬ፣ ይቅር በለኝ። እውነቴን ነው፣ እዚሁ ቅር።»

ጭንቅላቷን ወደ ደረቱ ሳባት። እዚያው መስኩ ራስ ላይ፣ ሁለቱም ወደ ካስማው እያዩ ቆሙ። ማዶ ወተቴ ላሞቹን እየነዳ ሲያልፍ አያቸውና ፊቱን አዞረ።

«ሄደሽ ሻንጣዬን ተሸከሚ» አላት። «አንዲት ቃል አልተነፍስም ብዬሻለሁ።»

«አልፈልግም!»

«እኔ እፈልጋለሁ። እዚህ ብቆይ በየቀኑ ይሄን እያየሁ ይቅርታ ልጠይቃት ነው፤ እሷ ደግሞ አትመልስልኝም። አንቺ ጋ ግን የሚመልስልኝ ሰው አለ።»

መስኩን ለወተቴ ትቶለት ሄደ። ሞላውም አልሞላውም፣ መስኩ የሚያርፍበት ሦስት ዓመት አለው፤ ማገጧ እየተንፏቀቀች ባዶውን ትደርስበት ይሆናል፤ እሱ ግን አያየውም። ቁልፉን ሲያስረክብ ወተቴ ሳይቀልድ እጁን ጨበጠው።

መኪናዋ ዳገቱን ስትወጣ የመጀመሪያው አመዳይ በመንገዱ ዳርና ዳር ነጭ ሆኖ ነበር። ብዙ መንገድ ሄዱ። ሽማግሌው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ወደ ፊት፣ ወደ አስፋልቱ ያያል።

«እሺ» አለ በኋላ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሌላስ ምን ሸፍናልኛለች?»

«አባዬ…»

«ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እኔ እንደሆን የትም አልሄድ። ጀምሪ።»

ልጅቱ መሪውን አጥብቃ ያዘች። «ስትዘፍን ድምፅህ አያምርም» አለች።

«እሱንማ ላሞቹም ነግረውኛል። ሌላ።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነባት። እሱ እስክትጨርስ ጠበቃት። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ መንገዱን አስተካክላ ስትይዝ፣ እንደገና፣ በቀስታ፣

«ሌላ» አላት።